በትንፋሿ የተመረጠች ሙሽራ

መሐል ሜዳ ከተማ መብራት የሚጠፋው ሰው አፉን ከፍቶ የተቀመጠ ጊዜ ነው። በቀደም ከፍታ የተቀመጠችው እኔ ነበርኩ። የታችኛው መንጋጋዬ ደንዝዟል፣ አምፖሉ ዓይኔ ላይ ቦግ ብሏል፣ የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሰብለ ያቺን ቀጭን የመምጠጫ ቧንቧ ጉንጬ ሥር ሸጉጣልኛለች፣ ማሽኑ ከወንበሩ ኋላ ሆኖ ምራቄን ይስባል። የበሰበሰ መንጋጋ ጥርሴን ልትቆርጠው ስትል ድምፁ ቀጥ አለ። ልጅቷ ቧንቧውን አወጣች፣ መሣሪያዋን አስቀመጠች፣ ጓንቷን አወለቀች። «እማማ ዘነበች፣ መብራቱ እስኪመለስ እንጠብቃለን፤ ያለ መምጠጫው አልቆርጥም። ማደንዘዣው ከለቀቀዎት ደግሜ እወጋዎታለሁ» አለችኝ። ጄኔሬተሩስ ብላት ነዳጅ የለውም አለች። እኔማ ቸኩዬ የምሄድበት የለኝም፤ ዝም አልኩ።

ዝም ያላለው በሩ ሥር ተራ የሚጠብቅ አንድ የጊሼ ሰው ነው። ጉንጩ አብጦ በፎጣ ታስሯል፤ ሕመሙ ግን ምላሱን አልያዘውም። «ሳህን የለሽም እንዴ ልጄ? እንተፋለና። አያቶቻችን ተፍተው አይደለም የኖሩት?» አላት። ዶክተር ሰብለ ትዕግሥቷ አያልቅም፤ እኔ ብሆን በመርፌው እወጋው ነበር። «አባባ፣ የምቆርጠው ውሃ በሚረጭ መሣሪያ ነው። ምራቅዎና ደምዎ ከውሃው ጋር ይበተናል። መምጠጫው እዚያው አፍዎ ውስጥ ካልያዘው እኔም እተነፍሰዋለሁ፣ ወንበሩም ላይ ያርፋል፣ ከእርስዎ በኋላ የሚቀመጠውም ይነካዋል። የሳህኑማ የባሰ ነው። እናንተ የወፍ በሽታ የምትሉት የጉበት በሽታ እንኳ አንዱ ዓይነት በደም ነው የሚተላለፈው» አለችው። ሰውየው፣ «የወፍ በሽታማ ከሌሊት ወፍ ነው፤ ይህን ሕፃን ያውቀዋል» አለ። በደነዘዘ አፌ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መትፋት ካማረህ እስከ ጊሼ ሜዳው ሁሉ ያንተ ነው፣ ሂድና ተፋ» አልኩት። ኮሪደሩ ሳቀበት፤ ደስ አለኝ። እርጅና ከሰጠኝ ነገር ሁሉ የወደድኩት ይህን ብቻ ነው።

ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። በደም ነው አለች፤ እንዲያው እንደ ቀላል ነገር። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ሥራዋን ስትጀምር ያለችኝ ሁሉ ተመለሰብኝ። እኔ ሴት ልጅ አፏን በሰው ፊት መክፈቷ ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ቧንቧው ሲገባ ከንፈሬን ግጥም አደረግሁበት። «አይግጠሙበት እማማ፤ ሲገጥሙበት ቧንቧው ውስጥ የቀረ የሌላ ሰው ምራቅ ወደ እርስዎ ሊመለስ ይችላል» ብላ ቆጣ አለች። ጫፉን ለእያንዳንዱ ሰው ትቀይራለች፤ የእኔን ዓይኔ እያየ ከላስቲኩ ቀድዳ አወጣችው። ሰው በተነሣ ቁጥር ቧንቧውን ታጥበዋለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ተባይ የሚገድል መድኃኒት ታስምገዋለች። እኔ ይህንኑ ሥራ በአፏ የሠራች ሰው አውቃለሁ። ታላቅ እህቴ እልፍነሽ ናት። የእሷን ጫፍ የቀየረላት አልነበረም።

ያኔ በልጅነቴ የመሐል ሜዳ ገበያ እንዲህ በቆርቆሮ አልታጠረም። ሱፍ ሻጮቹ ዛሬ የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ጥግ ላይ ይደረደራሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ዝተትና ባና የሚሉትን የሱፍ ልብስ የሚሸጡ፣ ከዚያ ጨው፣ ከዚያ ምላጭና መርፌ የሚቸረችሩ። ወንዱ ጥቁር በርኖሱን ደርቦ ይንጎማለላል፤ ሴቱ አቡጀዲ ነው። የኮንጎ ጫማ ገና መግባቱ ነበር፤ ደመወዝተኛ ወንድም ያላት ልጅ ሰማያዊዋን ኮንጎ አጥልቃ በጭቃው ውስጥ ስታልፍ እኛ የሌለን በቅናት እንቃጠላለን። ጠጅ ቤቱ በባትሪ የሚሠራ ራዲዮ ነበረው፤ ዘፈን የጀመረ እንደሆነ ገበያተኛው አህያውን ጭምር አቁሞ ያዳምጣል። ከጠጅ ቤቱ ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር፣ የአያ ወልዴ ቤት ነበር። ጥርስ ማስነቀል አንድ ስሙኒ፤ ስሙኒ ያጣ የአንድ በግ ጠጉር ይሰጣል። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሟል። ባለፍኩ ቁጥር ምራቄን እተፋለሁ፤ ባለቤቱ አበድኩ ብሎ ያስባል።

አያ ወልዴ ዘንድ ከዓለም ከተማም ከጓሳ ማዶም ድረስ ሰው የሚመጣው ጥርስ ስለሚነቅሉ አልነበረም፤ መንቀልማ ብዙ ሰው ይነቅላል። የእሳቸው ስም የገነነው «አንዲት ጠብታ ሳያስውጡ» ይነቅላሉ ተብሎ ነው። የጥርስ ደም መርዝ ነው፣ የዋጠው ሆዱ ይነፋል ይባል ነበር። ጿሚው ደሙን ውጦ ጾሙ እንዳይፈርስበት ይሰጋል። ካህን ደግሞ ደም እየፈሰሰው መቅደስ አይገባምና ጥርሱ የታመመ ቄስ እሳቸው ዘንድ ይሮጣል። በሁዳዴ ደጃፋቸው በነጭ ጥምጥም ይሞላል። ዘዴያቸው አንዲት የግልገል ቀንድ ናት፤ ሁለቱም ጫፏ ክፍት የሆነች። ሰፊው ጫፍ የተነቀለው ጥርስ ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጭኑን ጫፍ ሳቢው በፊት ጥርሱ ነክሶ ይይዛል፤ በሁለት እጁ የበሽተኛውን መንጋጋ ከፍቶ ደሙንና መግሉን በትንፋሹ ይስባል፤ አፉ ሲሞላ ገበታ ላይ ይተፋል፤ ደሙ እስኪቆም እንዲያ ይቀጥላል። ቀንዷን ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያሻግሯት አረቄ ጠብ ያደርጉባታል። እሱም አረቄው ከተረፈ ነው።

የሰው ጥርስ ሲነቅሉ የኖሩት ሰውዬ የራሳቸው የፊት ጥርሶች ተራ በተራ ረገፉ። ቀንዷን የሚነክሱበት አጡ። ሥራውን ሚስታቸው ተረከቡ፤ ጥቂት ዓመት ሳቡ፣ ዓይናቸው እንደ እርድ ቢጫ ሆነ፣ ሞቱ። የሌሊት ወፍ ነው ተባለ። አንድ ልጃቸው ግርማ ደረቱን የታመመ፣ ትንሽ ጎንበስ ሲል የሚታፈን ሰው ነበር። እንግዲህ ቤቱ የሚያስፈልገው የልጅ ሚስት ሳትሆን ሳንባ ነበር። ይህን እኛ አላወቅንም።

እህቴ እልፌ በአገሩ የታወቀችው በእልልታዋ ነው። ሌሎቹ ሴቶች ሦስት ጊዜ ትንፋሽ ሲወስዱ የእሷ አንዱ እልልታ አያልቅም፤ ሙሽራው ከበቅሎው እስኪወርድ ድረስ ይዘልቃል። በአንድ የጎረቤት ሠርግ ላይ እንዲያ ስታደርገው አያ ወልዴ የያዙትን ዋንጫ አስቀምጠው፣ «ይህች የማን ልጅ ናት?» አሉ። ሴቶቹ ድምጿ ማርኳቸው ነው ብለው ተሳሳቁ። ሳምንት ሳይቆይ ሽማግሌ ላኩ። አባቴ ቄሶች የሚከብሩት ሰው ደጁን ስላንኳኳ ደስታው ወሰን አልነበረውም፤ ስለ ልጁ ጤና አልጠየቀ፣ ስለ ሟቿ ሚስት አልጠየቀ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንዲሉ ቆርጠውት ሄዱ። የእልፌ ሠርግ አምሮ ነበር፤ ለእኔም በዚያ ምክንያት ሰማያዊ ኮንጎ ተገዛልኝ። እናቴ ብቻ ጥጋት ላይ ቆማ፣ «አማትየው ሙሽራይቱን ሲያይ ዓይኗን አላየም፤ አፏን ነው ያየ» አለችኝ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ በገበያ ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። አንድ ወፍራም ሰው መደብ ላይ ተጋድሟል፤ እልፌ ደረቱ ላይ ተደፍታ ቀንዷን በጥርሷ ይዛ ትስባለች። ጉንጯ ይገባል፣ ይወጣል። ፊቷ ከፊቱ አንድ ስንዝር አይርቅም፤ ሰውየው ሲያስልባት እንኳ መሸሻ የላትም። ገበታው ላይ ስትተፋ አየችኝና ሳቀች፤ ጥርሷ ቀልቶ ነበር። «ምነው እልፌ?» አልኳት። «አፍንጫን መያዝ እንጂ ሌላው ይለመዳል» አለችኝ። ውሃ ጠማኝና ካጠገቧ ያለውን ዋንጫ ሳነሣ አያ ወልዴ እጄን መቱኝ። «እሱ የሷ ነው። ደም የነካው አፍ የሚጠጣበት ነው» አሉ። ለእልፌ ዋንጫ ለብቻ፣ ለእልፌ የመብል ገበታ ለብቻ ነበር፤ ቤተሰቡ ከእሷ ጋር እጁን አያገናኝም። ያቺ ቀንድ ግን የአገሩን አፍ ሁሉ ስትዞር አንድ ናት። ይህን አስቤው እስቃለሁ፤ ሳቁ ግን አይጥመኝም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ ነው። እሷ ደማቸውን የሳበችላቸው ቄሶች እሑድ ይቀድሳሉ፤ እሷ ግን አፏን ደም ሲነካው ስለሚውል ከደጀ ሰላሙ አታልፍም ነበር። እነሱን ለቁርባን ያበቃቸው አፏ፣ እሷን ከቁርባን ከለከላት።

ሁለተኛው ሁዳዴ ሲገባ እልፌ ቤታችን መጣች። ጋቢ ተከናንባለች፤ ስትገልጠው የዓይኗ ነጭ ቢጫ ነበር። ምግብ ይሸተኛል አለች፤ ጎኗን ይዛ ቁጭ አለች። እናቴ ዓይኗን ገለብ አድርጋ አየች። እልፌ አባቴን፣ «ልረፍ አባዬ። ሁዳዴውን ብቻ እዚሁ ልረፍ» አለችው። በሕይወቷ የለመነችው ይህን ብቻ ነው። አባቴ፣ «ያገባች ሴት ስትታመም ባሏ ቤት ነው የምትታከመው። ሰው ምን ይለኛል? ደግሞ ካህናቱ በሱባዔ ጊዜ ማን አላቸው?» አለ። እናቴ ጋቢዋን መልሳ አከናነበቻት። በማግሥቱ አባቴ ራሱ በበቅሎ ጭኖ መለሳት። በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ፤ ኮርቻው ላይ እንደ እንግዳ ሰው ተቀምጣ ነበር፤ ዞራ አላየችኝም።

አያ ወልዴ ቤት የታመመ ሰው እንኳ ሥራ አይፈታም። ብትስልም፣ ዓይኗ ቢጫ ቢሆንም፣ ደጃፉ ላይ የተሰለፈው ነጭ ጥምጥም እስኪያልቅ ስባለች። ለፋሲካ አልደረሰችም። የቀበሯት እነዚያው ቄሶች ናቸው፤ ድምፃቸው እንዴት ያምር ነበር፤ አንዱም ጥርሱን አላመመውም። ሁለቱ ግን በቀጣዩ ዓመት ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፤ ከእነሱ በፊትም አንዲት ጠላ ሻጭና አንድ ዲያቆን ሆኖባቸው ነበር። ሁሉም አያ ወልዴ መደብ ላይ የተጋደሙ ናቸው፤ ግን በሽታው ከወራት በኋላ ስለሚወጣ ማንም ከቀንዷ ጋር አላገናኘውም። አገሩ ተሰብስቦ ሌሊት ወፎቹን ከአያ ወልዴ ጣሪያ በጢስ አባረረ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያን ጊዜ ወፍ ሲከሰስ እኔም አምኜ ወፍ ረግሜአለሁ። በቀደም አንዲት ልጅ መብራት ጠፍቶባት ቆማ በሁለት ቃል ነገረችኝና ዕድሜዬን ሙሉ የረገምኩት ሌሊት ወፍ አሳዘነኝ። አያ ወልዴማ ዕድሜ ጠግበው አልጋቸው ላይ ነው የሞቱት፤ ለሳቸው ሞት አነሳቸው።

መብራቱ ሲመለስ ማሽኑ እንደገና ተነፈሰ። ዶክተር ሰብለ አዲስ ጓንት አጠለቀች፣ የቧንቧውን ጫፍ ጣለች፣ ሌላ ቀድዳ ሰካች። የእኔው አፍ አይደለም እንዴ ብላት፣ «ጫፉ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር እማማ» አለች። ስለ እልፌ ነገርኳት። ልጅቷ ቧንቧውን እንደያዘች፣ «ከእህትዎ በኋላ ማን ሳበላቸው?» አለችኝ። «መጀመሪያ የታሰብኩት እኔ ነበርኩ» አልኳት። ያኔ የላይኛውን ድዴን አየችው፤ የፊት አራት ጥርሶቼ የሉም፤ ሌላ ሰው ሲያየኝ በእርጅና የረገፉ ይመስለዋል። እሷ ግን ሙያዋ ነውና፣ «እነዚህ ታመው የወጡ አይደሉም» አለች። አይደሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእልፌ ሰልስት ላይ፣ ድንኳኑ ሳይነሣ፣ አያ ወልዴ ወደ አባቴ ጠጋ አሉ። እናቴ ጠላ እየቀዳች ከኋላቸው ነበረች። «ዝምድናችን እንዲህ ከሚበጠስ የሚስቱን እህት ለግርማ ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድምና ታናሺቱን ለወንድሜ ልጅ ስጠኝ፤ እኔው ቤት ነው ያለው» አሉት። ቀጥለው፣ «ትንፋሿ እንዴት ነው?» አሉ። አባቴ እንባውን በጋቢው ጠረገና፣ «ከእህቷ አያንስም። አርባው ይውጣና ኑ» አላቸው። እናቴ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። አላለቀሰችም፤ የሰማችውን ነገረችኝ። እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እዚያ ቤት ከገባሁ እንደ እልፌ ቢጫ ሆኜ እንደምሞት ያን ቀን አውቄዋለሁ፤ ማልቀስ እንኳ ረሳሁ።

አርባው ሊወጣ ሲል እናቴ ነጠላዬን አከናንባኝ ከወንዙ ማዶ ወደ ቀጥቃጩ አያ ሞላ ዘንድ ወሰደችኝ። የቀጥቃጭ ቤት ሰው ማረሻ ሊያስመታ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥም፤ ዓይናቸው ይበላል ተብሎ ልጅ ይደበቅባቸዋል። እናቴ በዕድሜዋ ቀጥቃጭን እርስዎ ብላ አታውቅም። ያን ቀን፣ «አያ ሞላ፣ የፊት ጥርሶቿን ይንቀሉልኝ» አለችው። ሰውዬው ወናፉን አቁሞ አፌን አየ። «ጤነኛ ነው። ጤነኛ ጥርስ ነቅዬ ምን ሊባልብኝ ነው? አሁንም ቡዳ እባላለሁ» አላት። እናቴ፣ «የእልፌን ቀብር አይተዋል» አለችው። ርቆም ቢሆን ቆሞ ነበር፤ አይቷል። ጉጠቱን ከእሳት አውጥቶ ውሃ ውስጥ ነከረው፤ ብረት ሲይዝ ልማዱ ነው። እናቴ መሬት ተቀምጣ ጭንቅላቴን በጉልበቷ መሐል ያዘች። ሕመሙን አልተርከውም፤ ጤነኛ ጥርስ ሥሩ ሩቅ ነው። ደሜን ግን ዋጥኩት። የሚስብልኝ አልነበረም።

ለአባቴ ጥርሷን አሟት ነው ተባለ። እብጠቴ እስኪጎድል ነጠላዬን ከአፌ ላይ አላወረድኩም፤ እሱ ጨዋነት መሰለው፤ ሊታጭ የደረሰ ልጅ እንዲህ ነው እያለ ለጎረቤት ያወራ ነበር። ሽማግሌዎቹ አርባው በወጣ በሳምንቱ መጡ። አያ ወልዴ ከጠላው ሁለቴ ከተጎነጩ በኋላ ከደረት ኪሳቸው በጨርቅ የተጠቀለለች ነገር አወጡ። ያቺው ቀንድ ነች፤ የእልፌ የጥርስ ምልክት ጫፏ ላይ ነበረ። «ነውር አይሁንብኝና ትንፋሿን ልያት» አሉ። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋላቸው፤ ሰፊውን ጫፍ ክንዱ ላይ አስቀመጡት። «ነይ ልጄ፣ በጥርስሽ ያዢና ሳቢ» አሉኝ።

ነጠላዬን ከአፌ አወረድኩ። ጎንበስ ብዬ ቀንዷን ልነክስ ሞከርኩ፤ የምነክስበት የለኝም። ከአባቴ ክንድ ላይ ተንሸራተተች፣ መሬት ወደቀች። አያ ወልዴ ባዶ ድዳቸውን ከፍተው አፌን አዩ፤ እኔም የሳቸውን አየሁ። በርኖሳቸውን ሰብስበው ተነሡ፤ ሽማግሌዎቹም ጠላቸውን ሳይጨርሱ ተከትለዋቸው ወጡ። አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። «ማነው እንዲህ ያደረጋት?» አላት። እናቴ ከምድጃው ሥር አልተነሣችም። «እኔ ነኝ። ጭንቅላቷን ይዤ አስነቀልኳት። የእልፌንም ጭንቅላት ያኔ ይዤ ቢሆን ዛሬ በድዷ ትስቅልኝ ነበር» አለችው። አባቴ ጎንበስ ብሎ ቀንዷን ከመሬት አነሣ፣ በጋቢው ጫፍ ጠራረጋት፣ «አያ ወልዴ፣ ቀንዷን ረሷት» እያለ ከኋላቸው ሮጠ።